ቴአትር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና በእውነት ይረዳል?

ጥያቄ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች የቴአትር ቡድን ለማቋቋም እየተዘጋጀን ነው። ለዚህ ያነሣሣን በፈተና ሰሞን ከዶርም የማይወጡ፣ ምግብ የሚተዉ፣ ከቤት ሲደወልላቸው «ደኅና ነኝ» ብቻ ብለው ስልኩን የሚዘጉ ጓደኞቻችንን ማየታችን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያዩትን እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገሩም በመካከላችን አሉ። አንዳንዶች ግን «ቴአትር መዝናኛ እንጂ ሕክምና አይደለም» ይሉናል። በእርግጥ ይጠቅማል? ከምንስ እንጀምር?

መልስ (የቴአትር መምህር፣ ደሴ)

ይጠቅማል፤ ዋናው ጥቅም ግን ከትርኢቱ ይልቅ ያለው በልምምዱ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ በሚቀመጥበት የትምህርት ክፍል አንድ ሰው ቢቀር ልብ የሚለው የለም፤ በልምምድ ላይ ግን አንዱ ከቀረ ትዕይንቱ ስለማይሄድ ጓደኞቹ ዶርሙ ድረስ ሄደው ያንኳኩበታል። ልምምዱ የሚጀመርበት የትንፋሽ ማሟሟቂያም፣ አየርን ወደ ሆድ ስቦ በዝግታ ማውጣት ስለሆነ፣ በጭንቀት የፈጠነ የልብ ምትን ያረጋጋል።

ለጀማሪ ቡድን የምመክረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያስተዋወቀውን ፎረም ቴአትር ነው። ችግሩ ሳይፈታ የሚያበቃ አጭር ትዕይንት ይቀርባል፤ ሲደገም ከተመልካች አንዱ «ቁም!» ብሎ ይነሣና የባለታሪኩን ቦታ ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ለምሳሌ ውጤቱ ያሽቆለቆለበት ተማሪ ለአባቱ ስልክ ሊደውል ነው እንበል። አንዷ ተነሥታ እውነቱን ፊት ለፊት ትናገራለች፤ ሌላው አስቀድሞ ለእናቱ ይደውላል፤ ሌላው ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ ይደውላል። ነገ ያንኑ ስልክ በእውነት የሚደውል ተማሪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል።

መልስ (የሥነ ልቡና ባለሙያ)

መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ማንም ሰው የገዛ ታሪኩን፣ በተለይም የጦርነቱን፣ መድረክ ላይ እንዲተውን አትጠይቁ። የራስን ሕይወት በትወና ማቅረብ ያዕቆብ ሞሬኖ የጀመረው የሳይኮድራማ ሕክምና ነውና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ያለ እርሱ ሲሞከር ቁስሉን ቀስቅሶ መተው ሊሆን ይችላል። እናንተ በልብ ወለድ ባለታሪክ ሥሩ። ከልምምድ በኋላም እያንዳንዱ የራሱን ስም ጠርቶ ከገጸ ባሕርይው ይውጣ፤ ከዚያም ቡና አፍሉና እስከ በረካ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ብዙ ወሬ የሚወጣው እዚያ ነውና።

ሐዘኑና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈበት ተማሪ ካለ ወደ ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ቀን ሳትቆጥሩ ያንኑ ዕለት ውሰዱት፤ ለብቻውም አትተዉት።

መልስ (የቀድሞ የክበብ አባል)

ዓይን አፋሮችን «ተውኑ» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። መጋረጃ፣ መብራትና አልባሳት ሰው ይፈልጋሉ፤ እኔም ከሰው ጋር መነጋገር የጀመርኩት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ለተዋንያን ቃል ሳስታውስ ነው። ልምምዱንም ፈተና ሲቃረብ ሳይሆን ሴሚስተሩ እንደ ተከፈተ ጀምሩት።