ለኮርስ ብስክሌት ፍጥነት ሳይቀንስ መበሳትን የሚቋቋም ጎማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቃሊቲ በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ ደርሼ የምመለስበት የኮርስ ብስክሌት ባለ 25 ሚሊ ሜትር የውድድር ጎማ የተገጠመለት ሲሆን፣ ከፈነዱ የጭነት መኪና ጎማዎች የሚረግፈው ቀጭን ሽቦ የኋላውን ደጋግሞ ይበሳብኛል። ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ የተባለውን መበሳት የሚቋቋም ጎማ እንድገጥም የመከሩኝ አሉ። ምን ያህል ያዘገየኛል? ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ግራም እመዝናለሁ፤ የምነፋው በ100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው።

ዳገት ወዳድ፦ ማራቶን ፕላስ ከመርገጫው ሥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ስላለው ሽቦው ከመነዳሪው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ዋጋው ግን ጉልበት ነው። መሬት የነካው የጎማ ክፍል ተጨፍልቆ ሲመለስ የወሰደውን ጉልበት በሙሉ አይመልስም፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ጎማው በወፈረና በደረቀ መጠን ደግሞ ኪሳራው ይጨምራል። ጎማውን ለማንከባለል የሚያስፈልገው ኃይል ከጠቅላላው ክብደት 0.4 በመቶ ከነበረበት ወደ 0.6 በመቶ ቢያድግ፣ በእርስዎ ክብደትና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 13 ዋት ያህል ይጨምርብዎታል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ከምናወጣው ጉልበት ነፋሱ የሚወስደው ቀንሶ የጎማው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ «ልዩነቱ አይታወቅም» የሚለው የቆላ አገር ምክር ለእኛ አይሠራም። እኔ ብሆን ከመርገጫው ሥር ቬክትራን ከተባለ ጠንካራ ክር የተሠራ ቀጭን ንጣፍ ያለውን ኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 5000 በ28 ሚሊ ሜትር እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሹካውና ፍሬኑ ያንን ስፋት ማሳለፋቸውን ይለኩ።

ጥገና ቤት፦ ጎማ ከመለወጥዎ በፊት ቀዳዳውን ይመልከቱ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ስለሆነ ጥፋቱ የአየር ማነስ እንጂ የሽቦ አይደለም። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬውን ውስጠኛ ጥብጣብ ይመርምሩ። ወደ 28 ከሄዱም 100 ፒኤስአይ ይበዛል፤ ከ75 እስከ 80 ይበቃዎታል፤ በጣም የጠነከረ ጎማ በሻካራ አስፋልት ላይ እየነጠረ ጋላቢውን ያደክማል።

የኋላ ጎማ፦ በግራንድ ፕሪው አልስማማም። አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው በኋላ ነው፤ የሚበሳብዎትም እሱ ነው። ከፊት ፈጣኑን፣ ከኋላ ጌተርስኪን የተባለውን መበሳት የሚቋቋም የኮንቲኔንታል ጎማ ቢያደርጉ ኪሳራው በአንድ ጎማ ላይ ብቻ ይቀራል።

ዳገት ወዳድ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ጌተርስኪን በእርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በክረምት ኩርባ ላይ ይጠንቀቁ። እርጥብ ጎማን ስለት በቀላሉ ስለሚቆርጠው የመበሳቱም ነገር የሚበዛው ያኔ ነው።

ጥገና ቤት፦ የትኛውንም ቢገዙ፣ አዲስ ከመነዳሪ ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት። የተሰካው ሽቦ ከውጭ ስለማይታይ ጨርቁ ሲይዝ በፒንሳ ነቅለው ያውጡት፤ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።