የቅዳሜና እሁድ ትምህርት፦ የቱን በኦንላይን፣ የቱን በአካል?

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን። ደብረ ብርሃን ለማስተርስ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት ይመጣሉ። ለትራንስፖርትና ለአልጋ የሚያወጡት ስላሳሰበኝ የተወሰነውን ክፍለ ጊዜ ወደ ኦንላይን ላዞር አስቤያለሁ። በዙም ስሞክር ግን ካሜራው ሁሉ ጥቁር፤ «ገባችሁ?» ስል ጭጭ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊታቸውን አይቼ እደግምላቸዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሸዋ ሮቢቷ፦ ወንድሜ፣ የቀጥታውን ተወው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ነጻው ዙም ደግሞ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ማብራሪያህን በድምፅ ቅዳና በቴሌግራም ልቀቅላቸው። ድምፅ እንደ ቪዲዮ ዳታ አይበላም፤ ያልገባው ደጋግሞ ይሰማዋል። ስሌት ከሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥራው፤ ለየመስመሩ ቁጥር ስጥና ፎቶ አንሳው። ከዚያ «አሁን 3ኛውን መስመር እዩ» እያልክ ቅዳ። ያለዚያ ተማሪው የቱ ጋ እንደደረስክ ይጠፋዋል።

ነባር መምህር፦ በድምፁ እስማማለሁ፤ ግን መላክ ብቻውን ማስተማር አይደለም። በ2012 ኮሮና ግቢውን ሲያዘጋ ፒዲኤፍ እየላክን «አስተማርን» ያልን ብዙ ነን። ማን እንዳነበበው በምን ይታወቃል? ሙድል (ትምህርትና ጥያቄ የሚጫንበት የኦንላይን መድረክ) ካላችሁ ከየድምፁ በኋላ አጭር ጥያቄ ጫንበት። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩን እየቀያየረ የሚያወጣ የጥያቄ ዓይነት አለው፤ ለስታቲስቲክስ የተሠራ ነው የሚመስለው። መገልበጥ እንኳ ቢፈልጉ መልሱ አንድ አይሆንም። ዋናውን ፈተና ግን በአካል ስጥ፤ እዚህ ላይ አትደራደር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለኦንላይን መዘጋጀት ክፍል ገብቶ ከማስተማር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፣ ሎድ (የማስተማር ሰዓት ድርሻህ) ላይ ግን የሚቆጥርልህ የለም። ሳትጀምር ከዲፓርትመንት ኃላፊህ ጋር ተነጋገርና በጽሑፍ ይዘህ ግባ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የሎዱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ማስሊያ ሶፍትዌር) ልምምዱንስ?

የሸዋ ሮቢቷ፦ እሱን በአካል። ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ የሌለው ካለው አጠገብ ይቀመጣል፣ ተራ ይዞም ይሠራል። በኦንላይን ግን ስልክ ብቻ የያዘው ቁጭ ብሎ ተመልካች ነው የሚሆነው። ዳታውን ቀደም ብለህ በቴሌግራም ላክላቸው፤ ክፍል ውስጥ በፍላሽ ስትቀባበሉ ቫይረሱ አያደርስ ነው።