ድንኳን ተክሎ ሁለት ሌሊት ለማደር፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የትኛው ዕቃ ላይ ይዋል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጥተን ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው። ዓርብ ማታ ደርሰን እሁድ ከሰዓት እንመለሳለን። መኪናው ድንኳኑ አጠገብ ስለሚቆም የዕቃው ክብደት አያሳስበንም። ቦታው ደጋ ነው፤ ሌሊት እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፣ ዝናብም አይታጣም። ባለቤቴን ወገቧን ያማታል። እስካሁን ምንም ዕቃ የለንም፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛትም አቅማችን አይፈቅድም። ከየትኛው እንጀምር? «ለ3 ሰው» የሚል ድንኳንስ ይበቃናል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ከሥራችሁ ከምታነጥፉት ጀምር። ብዙ ሰው ውድ የመኝታ ከረጢት ይገዛና ስስ ነገር ላይ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ከረጢት የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ ከጀርባ ሥር ያለው ክፍል ግን በሰውነት ክብደት ስለሚጨፈለቅ አየር አይኖረውም። እዚያ ላይ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚለያችሁ ፍራሹ ብቻ ነው።

ፍራሽ ስትመርጥ ውፍረቱን ብቻ አትይ። «አር ቫልዩ» የሚባል ቁጥር አለው፤ ሙቀት ወደ መሬት እንዳያመልጥ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካበት ነው። ለ6 ዲግሪ ሌሊት 3 ወይም 4 ያለውን ፈልግ። ቁጥሩ ይደመራል፦ 2 የሆነ ፎም ላይ ሌላ 2 የሆነ ብትደርብ 4 ይሆናል። ለባለቤትህ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለውና ቫልቩ ሲከፈት ራሱ አየር የሚስብ ፍራሽ ይሻላታል። በጎን ለሚተኛ ሰው ከዚያ የሳሳ ከሆነ ዳሌው መሬት ሊነካ ይችላል።

ውስጡ ባዶ የሆነውን፣ ቤት ውስጥ ለእንግዳ የሚነፋውን ፍራሽ ከመረጥክ ግን ተጠንቀቅ። አየሩ በውስጡ እየተዘዋወረ የገላን ሙቀት ወደ መሬት ያወርደዋል። ያለህ እሱ ብቻ ከሆነ በላዩ ፎም አንጥፍበት። ደግሞ ማታ የተነፋ ፍራሽ ሌሊት ቢረግብ ተቀደደ ማለት አይደለም፤ አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ልትተኙ ስትሉ ትንሽ ጨምሩበት።

መልስ 2
ወገብ ለሚያመው ሰው ከባዱ መተኛቱ ብቻ አይደለም፣ ጠዋት ከመሬት መነሣቱም ነው። ስለዚህ ተጣጣፊ አልጋንም አስቡበት፤ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ተቀምጦ ለመነሣት ይመቻል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አልጋው ከሥሩ ነፋስ ስለሚያስገባ ያለ ፍራሽ ይበርዳል፣ ፎሙ በላዩ መነጠፍ አለበት። እግሮቹም የድንኳኑን ወለል እንዳይበሱ ከሥራቸው ጣውላ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ይደረግ።

መልስ 3
ድንኳን ላይ የሚጻፈው የሰው ቁጥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ለሚተኛ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚታሰበው ወርድ ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከነሻንጣችሁ በምቾት ለማደር የ5 ሰው፣ ቢያንስ የ4 ሰው ይሁን። አልጋ ካስገባችሁ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያላዘመመውን ምረጡ።

ባለ ሁለት ድርብ መሆኑን አረጋግጥ፦ ውስጡ አየር የሚያሳልፍ፣ ላዩ ዝናብ የሚመልስ ሸራ። ውኃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ለላዩ ሸራ 2000፣ ለወለሉ 3000 ካለ ለዚህ ጉዞ በቂ ነው። ወለሉ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበትና ክርን ስለሚጫነው ነው።

ጠዋት ውስጡ ረጥቦ ካገኛችሁት አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ አልገባም፤ ትንፋሻችሁ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው። ብርዱን ፈርታችሁ የአየር መውጫዎቹን አትዝጉ። ሁለቱ ሸራዎችም እንዳይነካኩ መወጠሪያ ገመዶቹን ሁሉንም ወጥሩ። ካስማ ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ያዘምም። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከሥራችሁ ያጠራቅመዋልና ዳር ዳሩን ወደ ውስጥ እጠፉት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከረጢቶቹ ላይ ሦስት የተለያየ ዲግሪ ተጽፏል፤ የቱን ልመን? ዝናብ ቢጥልስ በጋዝ ምድጃ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ማብሰል ይቻላል?

መልስ 4
አይ ኤስ ኦ 23537 በሚባለው ዓለም አቀፍ የመኝታ ከረጢት መለኪያ የተፈተነ ከረጢት «ምቾት»፣ «ወሰን» እና «ጽንፍ» የሚሉ ደረጃዎች አሉት። «ጽንፍ» በሕይወት የመትረፍ ልክ ስለሆነ ለግዢ አይታይም፤ ሻጮች ግን እሱን በትልቁ ሊጽፉት ይችላሉ። አንተ «ምቾት» የሚለውን ብቻ እይ፣ ከሚጠበቀው ብርድ 5 ዲግሪ ዝቅ ያለውንም ያዝ። ለእናንተ ወደ 0 ዲግሪ የሚጠጋ ማለት ነው።

መሙያው ላባ ከሆነ ይቀላል፣ ሲርስ ግን ይጨማደድና ማሞቁን ያቆማል፤ እርጥበት ለሚበዛበት ቦታ ሰው ሠራሹ ያዋጣል። ልጁን የአዋቂ ከረጢት ውስጥ ካስተኛችሁት ከእግሩ በታች የሚተርፈውን እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ባዶ ቦታውን ማሞቅ ለትንሽ ገላ ይከብዳል። ቤት ስትመለሱ ከረጢቱን ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ ተጨፍልቆ ከቆየ መሙያው መልሶ አይነሣም።

መልስ 5
በፍጹም! ድንኳን ውስጥም መግቢያው ላይም ምድጃ አይለኮስ፣ ከሰልም ለማሞቂያ አይግባ። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ሸራውም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።

ለዝናቡ መፍትሔው 3 በ4 ሜትር የሆነ ሸራ ነው። ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ ጎኖቹን ክፍት ትታችሁ ወጥሩት፤ ውኃ እንዳያቁር አንዱ ጠርዝ ዝቅ ይበል። ጋዙን በተመለከተ፣ ቡቴን ብቻ የያዘ ቆርቆሮ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ይደክማል፤ ጋዙ ሲተንም ቆርቆሮውን ራሱን ስለሚያቀዘቅዘው በ6 ዲግሪም እሳቱ ሊሳሳ ይችላል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዛ። ነፋስ በሌለበት አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከ10 እስከ 15 ግራም ይፈጃል፣ በዚያ አስሉት። ምድጃው ቆርቆሮው አናት ላይ የሚገጠም ከሆነ ዙሪያውን በነፋስ መከላከያ አትክበቡት፤ ቆርቆሮው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

የሚጠጣና የሚበሰልበት ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። የግንባር ባትሪ ለየራሳችሁ ይሁን፣ ልጁም የራሱ ይኑረው።

መልስ 3
ቅድም ስለ ድንኳኑ የጻፍኩት ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ድንኳኑን ከጉዞው በፊት ግቢ ውስጥ ትከሉትና ውኃ ርጩበት። ስፌቱ ካፈሰሰ የስፌት ማሸጊያ ቀብታችሁ አንድ ቀን አድርቁት። ካስማና ምሰሶም የጎደለ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። እሁድ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ከመጣችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ዘርግታችሁ አስጡት፤ እርጥብ ሆኖ ከሰነበተ ይሻግታል፣ ውኃ የሚመልሰው ቅብም ይላላጣል።