የጤና ትምህርቱ ዕቅድ፦ ለማን፣ መቼ፣ የት?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ለካውንቲው (ለአካባቢው መስተዳድር) የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። ለሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ሐበሻ፣ 8 ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ርዕሱ «ጭንቀትና የአእምሮ ጤና»። እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት።

ኡበር ነጂው አባል፦ ቅዳሜ እኮ የእንጀራችን ቀን ነው! ኡበር የሚነዳውም ፓርኪንግ የሚሠራውም አይመጣም። እኛው ኮሚቴዎቹ ተያይተን እንመለሳለን። ሰኞ ጠዋት ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ናቸው። በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ ይሉናል፤ 12 ሰዓት መሪ ላይ ተቀምጠን መቼ? ሬገን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ምን ማድረግ እንደምንችል ያሳዩን።

ነርሷ፦ «የአእምሮ ጤና» ብላችሁ ለጥፉና ማን እንደሚመጣ እናያለን። «አበደች ይሉኛል» ብላ ሁሉም ትቀራለች። ስኳርና ግፊት በሉት፣ ጭንቀቱ ራሱ ይወጣል። በቀደም የአንዲት እናት ግፊት ስለካ 178 በ96 ሆነ። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ስላቸው ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። ሙሉ ነው። «ሲሻለኝ ተውኩት ልጄ» አሉኝ። ግፊት ሳያምም እንደሚጎዳ በአማርኛ የነገራቸው የለም። ከዚያ ስለ ልጃቸው ወረቀት ግማሽ ሰዓት አለቀሱ። የጭንቀት ትምህርት ማለት ለእኔ ያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ። ግን ውጤቱን በምን እንለካለን? በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን ግፊት ይለካ። ደግሞ ሰው የስኳር ምርመራ ወረቀቱን ማንበብ ይልመድ። የ3 ወሩ የስኳር አማካይ (A1C) 5.7 በመቶ ሲደርስ ጠርዝ ላይ ነህ፣ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው። ከረቂቁ «ዮጋ» የሚለውንም አውጡልኝ፤ ከአባቶች ጋር ሙግት ውስጥ አልገባም። «ሰውነት ማፍታታት» ይባል።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ፦ ቤተ ክርስቲያን ካላችሁ የእኔ ጎረቤቶች አይመጡም፤ መስጊድ ብንል የእናንተዎቹ ይቀራሉ። ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል አለው። «እንጀራ ተዉ» ከሚል ባለሙያም አድኑን፣ ስለ መጠኑ ይንገሩን። በረመዳንና በጾም መድኃኒት አወሳሰድ ደግሞ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይሰጠው።

ጸሐፊ፦ አስተካክያለሁ። «ስኳር፣ ግፊትና ኑሯችን»፣ 8 ሰኞ ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ቀን ለጾም። ቡናስ?

ነርሷ፦ ያለ ቡና ማን ይቀመጣል? ግን ከተለካን በኋላ ይሁን፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል።

ኡበር ነጂው አባል፦ ቤት አስፈልቼ በፔርሙስ አመጣለሁ። ዕጣኑን ግን እርሱት፤ የጭስ ደወሉ አንዴ ከጮኸ ሁለተኛ ክፍሉን አይሰጡንም።