አዲስ የአሳ ማስገሪያ ዕቃ ሱቅ በባሕር ዳር፦ ከነባሮቹ ጎን ምን ይዤ ልግባ?

አዲስ ሱቅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ አሳ ከሚራገፍበት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ሱቅ ተከራይቻለሁ። መረብ፣ ገመድ፣ መንጠቆና ለጀልባ ሞተር የሚሆን ጥቃቅን ዕቃ ልሸጥበት ነው። አጠገቤ ዓመታት ያስቆጠሩ ሦስት ሱቆች አሉ። በብዛት ስለሚያመጡ ዋጋቸው ከእኔ ይወርዳል፤ አስጋሪውን በስሙ ያውቁታል፤ ዱቤም ይሰጣሉ። በዋጋ እንደማልችላቸው ገብቶኛል።

የትኛውን የመረብ ዓይንና የክር ውፍረት ልያዝ? መረቡን እንደመጣ በጥቅሉ መሸጥ ይሻላል ወይስ ገመድ፣ ተንሳፋፊና የእርሳስ ማጥለቂያ አስሬበት? ደንበኛ ርካሹን የፕላስቲክ ሞኖፊላመንት (ክሩ ያልተገመደ፣ አንድ ወጥ ፈትል የሆነ) መረብ ይጠይቃል፤ ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ? ዱቤስ እንዴት ቢያዝ ነው የሚያዋጣው? አንድ ሰው ደግሞ «ለቱሪስት የሚሆን ዘንግና የዝንብ ማጥመጃ ያዝ» ብሎኛል። እሱንም ብትነግሩኝ።

መረብ ሠሪ፦

ወንድሜ፣ ታስሮ ያለቀ መረብ ሽጥ። ጥቅል መረብ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ዛሬ ገዝቶ ማታ ውሃ ውስጥ የሚጥለው መረብ ግን እንደልብ አይገኝም። አስጋሪው ጥቅሉን ከገዛ በኋላ ገመድ ሌላ ቦታ፣ ተንሳፋፊ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ከዚያ ቀናት ቁጭ ብሎ ያስራል። አንተ መግባት ያለብህ እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ከማዘዝህ በፊት አለካኩን ለይ። የመረብ ዓይን በሁለት መንገድ ይለካል፤ አንዱ ከቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ፣ ሌላው ዓይኑ ተወጥሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ነው። አስመጪው በአንዱ፣ አንተ በሌላው ስታወሩ «4 ሴንቲ» ብለህ ያዘዝከው ለጣና የማይሆን ጠባብ መረብ ሆኖ ይመጣል፤ ተመላሽም የለውም። ጥቅሉ ሲደርስህ 10 ዓይን በአንድ ረድፍ ወጥረህ ለካና ለ10 አካፍል። 80 ሴንቲ ከወጣ ዓይኑ ተወጥሮ 8 ሴንቲ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ለክቶ መፍረድ ያሳስታል።

ክሩ ላይ 210/2፣ 210/3፣ 210/6 ተብሎ ይጻፋል። 210 ማለት 9,000 ሜትሩ 210 ግራም የሚመዝን ፈትል ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንቱ ፈትል አብሮ እንደተገመደ ይነግርሃል። ለቆሮሶ አሳ 210/2 ወይም 210/3 ይበቃል። ቀጭን ክር አሳው ስለማያየው በደንብ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይበጠሳል። አምባዛ ሲያዝ ስለሚጠማዘዝ ቀጭኑን ይበጣጥሰዋል፤ ለእሱ ሰፊ ዓይንና 210/6 ወይም 210/9 ያዝ።

ዕቃው «ናይለን» ተብሎ የመጣልህ ሁሉ ናይለን አይደለም። ከጥቅሉ ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ቆርጠህ በጣትህ እያሸህ አርጥባትና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣላት። ናይለን ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ተመልሶ ላይ ይንሳፈፋል። ማርጠቡን አትተው፤ ደረቅ ክር አየር ስለሚይዝ ናይለኑም ሊንሳፈፍብህ ይችላል። ሌላም ፈተና አለ፦ አንዱን ዓይን በአራት ጣት ይዘህ በሰያፍ ሳብ። ቋጠሮው ከተንሸራተተ ያን ጥቅል አትቀበል፤ ሁለት ሌሊት ከሠራ በኋላ አንዱ ዓይን ጠቦ ሌላው ይሰፋል።

አሁን ስሌቱ። ባለ 8 ሴንቲ ዓይን፣ ቁመቱ 25 ዓይን የሆነ፣ ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆን መረብ አለህ እንበል። ርዝመቱ 1,250 ዓይን ነው። በግማሽ ሰብስበህ 50 ሜትር ገመድ ላይ ታስረዋለህ። በየ16 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ በአንዱ ቋጠሮ 4 ዓይን፤ ስለዚህ 312 ያህል ቋጠሮ ይወጣሃል። ቁመቱ ተወጥሮ 2 ሜትር ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን ወደ 1.73 ሜትር ይወርዳል። ለገዢው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ንገረው፤ 2 ሜትር ብለህ ሸጠህለት ሲለካው ቢያጥርበት ሌላ ጊዜ አያምንህም።

ከግማሽ በላይ ዘርግተህ፣ ለምሳሌ 100 ሜትሩን 70 ሜትር ላይ ብታስረው፣ መረቡ ይወጠርና አሳው ነክቶት ይመለሳል። 30 ሜትር ላይ ካጨናነቅኸው ደግሞ ይይዛል፣ ግን አሳውን መፍታት ፈተና ነው፤ መረብም ያባክናል።

ለገመድ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከላይም ከታችም በየጫፉ 2 ሜትር ትርፍ ስትተው ለአንድ መረብ 108 ሜትር ይሆናል። ላይኛው ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፣ ራሱ ይንሳፈፋልና። ታችኛውን ናይለን አድርገው፤ ከታችም ፖሊፕሮፒሊን ካሰርክ እርሳሱን ወደ ላይ ይታገለዋል። አዲስ ገመድ ሳይታሰር በፊት አንድ ሌሊት ነክረህ፣ ሁለት እንጨት መሃል ወጥረህ አድርቀው። ይህ ከተዘለለ ገመዱ በኋላ ይጠማዘዝና መረቡን እንደ ሻሽ ይጠቀልለዋል። ብዙ ሰው «መረቡ መጥፎ ነው» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ተንሳፋፊው እያንዳንዱ 20 ግራም የሚያነሳ ከሆነ በየ10 ቋጠሮው አንድ እሰር፤ 31 ይሆናል፣ በድምሩ 620 ግራም ያነሳል። መረቡ መሬት ይዞ እንዲቆም ከተፈለገ የማጥለቂያው ክብደት የዚህ አንድ ተኩል ያህል መሆን አለበት። እርሳስ ውሃ ውስጥ ከክብደቱ ጥቂት ብቻ ስለሚቀንስ በየሜትሩ ባለ 20 ግራም፣ በድምሩ 1 ኪሎ ግራም ይበቃል። ድንጋይ የሚያስር አለ። ድንጋይ ግን ውሃ ውስጥ ክብደቱ ወደ 60 በመቶ ስለሚወርድ 1.6 ኪሎ ያህል ያስፈልገዋል፤ ጠርዙም ክሩን ይበላል።

አደራ፣ እርሳሱን ከአሮጌ ባትሪ እያቀለጥክ እቤት አትሥራ። ጭሱና ብናኙ ሕፃናትን ክፉኛ ይመርዛል። ካጣህ የብረት ቀለበት ይሠራል።

የገበያ ሰው፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ጊዜውንም እወቅበት። በባሕር ዳር የአሳ ፍላጎት የሚንረው በዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ 55 ቀን ነው። አስጋሪው መረብ የሚገዛው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሆነ ጥር ላይ ታስሮ ያለቀ መረብ መደርደሪያህ ላይ ካልተገኘ ዓመቱ አመለጠህ። ክረምት ላይ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ለማሰርና ለመጠገን ተጠቀምበት።

ዱቤን በተመለከተ ነባሮቹ ዓመታት የፈጀባቸውን እምነት አንተ በወር አታገኘውም፣ ስለዚህ እነሱ በሚሰጡት መንገድ አትስጥ። ግማሹን በእጅ ተቀበል፣ ቀሪውን በአራት ሳምንት ይክፈል። ለግለሰብ ሳይሆን የአስጋሪዎች ማኅበሩ ዋስ ሲሆን ብቻ ስጥ፤ ውሉ በጽሑፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ከካፒታልህ ከአምስት አንዱ በላይ ዱቤ ላይ አይተኛ። አስጋሪዎቹ እቁብ ካላቸው ደግሞ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በእጁ ይከፍላል፣ አንተ የምታደርገው የእቁቡን ቀን ማወቅና ዕቃ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ዋጋ ስትተምን የገዛህበትን ሳይሆን የምትተካበትን ዋጋ አስብ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በአንድ ጥቅል ላይ ያተረፍክ መስሎህ ቀጣዩን ጥቅል መግዛት ሊያቅትህ ይችላል። ለመነሻ ካፒታሉን እንዲህ ብትከፍለው ጥሩ ነው፦ 40 በመቶ መረብ፣ 15 በመቶ ገመድና ተንሳፋፊ፣ 15 በመቶ መንጠቆና ክር፣ 10 በመቶ የሞተር ጥቃቅን። 20 በመቶው ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ይቀመጥ፣ አትንካው።

የአሳ ባለሙያ፦

ስለ ሞኖፊላመንቱ እኔ ልመልስ። አታምጣው። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ስለማይታይም በመጀመሪያው ሰሞን ብዙ ይይዛል፤ ደንበኛ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ሲበጠስ ግን አይጠገንም፣ ይጣላል። የተጣለው ወይም የጠፋው ደግሞ ሳይበሰብስ ለረጅም ጊዜ አሳ እየያዘ ይቀመጣል፤ አሳው እዚያው ይሞታል። ጣና ላይ ቁጥጥር ሲደረግ የሚወረሰውም እሱ ነው። አዲስ ሱቅ ስሙ ከተወረሰ ዕቃ ጋር ከተነሳ አለቀለት።

ሥራው በአዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሉ ሕግ ይተዳደራል። ወደ ክልሉ የአሳ ሀብት ክፍል ሂድና የሚፈቀደውን ዝቅተኛ የዓይን ልክ በጽሑፍ ውሰድ፤ አለካኩም ተወጥሮ ይሁን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ይጻፍልህ። ያን ወረቀት ሱቁ ውስጥ ለጥፈው። ገዢው ጠባብ ዓይን ሲጠይቅህ ክርክሩ ከአንተ ጋር መሆኑ ይቀራል።

ይህን ያልኩት ለሕጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ የትም የሌሉ 15 የባርበስ አሳ ዝርያዎች አሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከፊሎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ የወንዙ አፍ ላይ ሲጣል ዕንቁላል የያዘችው ሳትጥል ታልቃለች። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ የገባው በ1978 ዓ.ም አካባቢ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የባርበሱ ክምችት 75 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። አሳው ካለቀ መረብ የሚገዛህ የለም። በእነዚያ ወራት ለወንዝ አፍ የሚሆን መረብ ለሚጠይቅህ አትሽጥ፤ ይልቅ ሐይቁ መሃል ለቆሮሶ የሚጣለውን አቅርብለት።

አዲስ ሱቅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው 50 ሜትሩን ይገዛል ወይስ ያንሰው? ተንሳፋፊውንስ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል እየቆረጡ የሚያስሩ አሉ፤ ያ ያዋጣል?

መረብ ሠሪ፦

ለታንኳ 25 ሜትር አድርገህ ሥራ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ የረጠበ ረጅም መረብ አይችልም። ሁለቱን 25 ሜትር የሚያገናኝ ቀለበት ጫፍና ጫፉ ላይ ካሰርክለት ሲያድግ ሁለተኛውን ካንተ ይገዛል።

የጫማ ሶል ይሠራል፣ ግን ዓይነቱን ለይ። ቀላሉና ስፖንጅ መሳዩ ጥሩ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ጎማ ግን ብዙም አያነሳም። ስንት ግራም እንደሚያነሳ ለማወቅ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገብተህ ከሥሩ ክብደቱ የታወቀ እርሳስ እየጨመርክ መስመጥ ሲጀምር ተመልከት። አንዱ 12 ግራም ካነሳ 31 ሳይሆን ወደ 52 ያስፈልግሃል። የሰንዳል ሶሉ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ክሩ እዚያ ይቆረጣልና በጋለ ምስማር አዲስ ቀዳዳ ብሳ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ መረብህን ለማሳየት ደጅ ፀሐይ ላይ አትስቀል። ናይለንን የሚገድለው ፀሐይ ነው፤ ገዢው ሳይነካው በፊት ጥንካሬውን ያጣል። ለናሙና ግማሽ ሜትር ብቻ ስቀል፣ ሌላውን ጨለማ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ አይጥ በማይደርስበት አስቀምጥ።

የሞተርና የመንጠቆ ሰው፦

የዘንጉ ጥያቄ ስላልተመለሰ። የዝንብ ማጥመጃ በራሱ ክብደት የሚወረወር ወፍራም ክር፣ ቀጭን ዘንግና ላባ የታሰረበት ትንሽ መንጠቆ ነው። በአገራችን የሚታወቀው ባሌ ላይ ነው፤ እዚያ ዌብንና ዳንካን የመሳሰሉ ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል አሳ አለ። የሚሄድበት ሰው ደግሞ ዕቃውን ይዞ ነው የሚመጣው። ባሕር ዳር ላይ ገንዘብህን አታስርበት። ለመዝናኛ የሚያጠምድ እንግዳ ከመጣ ከጣና ባርበሶች 8ቱ አሳ በል ስለሆኑ የሚያብረቀርቅ የብረት ማንኪያ መሳይ ማጥመጃ ይነክሳሉ፤ ሁለት ሦስት መካከለኛ ዘንግና አሥር ያህል ማንኪያ ይበቃሃል።

ቶሎ ቶሎ የሚዞረው ለአምባዛ የሚሆን መንጠቆ ነው። ቁጥሩ ያሳስታል፤ ከ1 ወደ ላይ ቁጥሩ በጨመረ መንጠቆው ያንሳል፣ 1/0፣ 2/0 ያለው ደግሞ እየተለቀ ይሄዳል። በዋናው ገመድ ላይ በየ2 ሜትሩ፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ቅጥያ ክር ላይ የታሰረ መቶ መንጠቆ በአንድ ሳጥን ደርድረህ ሽጥ። ጫፎቹን የሳጥኑ ከንፈር ላይ በተራ ስካቸው፤ ካልሆነ ሌሊት ሲለቀቅ እርስ በርሱ ይተበተብና እጅ ይወጋል።

ለሞተሩ ካንዴላ፣ የማስነሻ ገመድ፣ የፕሮፔለር ፒንና የውሃ ፓምፕ ጎማ አይጥፋ። ፒኑ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ እሱ ተቆርጦ ማርሹን ያድናል። በምስማር የሚተካ ሰው ካየህ ሙሉ ማርሹን ሊሰብር ነው፣ ንገረው። ዘይት ስትሸጥ ለባለ ሁለት ምት ጀልባ ሞተር የተሠራውን ያዝ፤ የሞተር ሳይክሉ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ስለሆነ በውሃ በሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ካንዴላውን በአመድ ይሸፍነዋል። የብዙዎቹ ልክ 50 ለ 1 ነው፣ ማለትም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። የሞተሩ ታርጋ ሌላ ካለ ታርጋውን ተከተል። 400 ሚሊ ላይ ቀይ መስመር ያሠመርክበት ጠርሙስ ከዘይቱ ጋር ስጥ፤ በግምት የሚቀላቅለው ሰው ይበዛልና።

አዲስ ሱቅ፦

ተረድቻለሁ። ነገ ወደ ክልሉ ቢሮ ሄጄ የዓይኑን ልክ በጽሑፍ አመጣለሁ፤ ከዚያ ነው የማዝዘው። የመጀመሪያው ጥቅል ሲደርስ 10 ዓይን ለክቼ ውጤቱን እዚህ እጽፋለሁ።