ያለ ምንም "ግን" ፍፁም የሆነ ነገር አለ?

ተጠራጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ፍፁም እውነት፣ ፍፁም ነፃነት፣ ፍፁም መብት ምናምን ሲባል እሰማለሁ ግን ጠጋ ብዬ ሳየው ሁሉም ጋ "ካልሆነ በስተቀር" የምትል ነገር ጥግ ላይ ተሸጉጣ አገኛታለሁ። ምንም ቀዳዳ የሌለው ነገር ካለ እስቲ ንገሩኝ። "ፈጣሪ" እንዳትሉኝ ደሞ፣ ከሱ ውጪ ነው የጠየቅኩት 😀

ኬልቪን_ዜሮ፦
ፍፁም ዜሮ አለልህ በቃ። -273.15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዛ በታች የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። የሚገርመው ማንም አይደርስበትም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አተሞችን ከዜሮው በላይ ከዲግሪ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪያንስ ድረስ አቀዝቅዘዋቸዋል ግን ዜሮዋን መንካት በቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የሀይል ሳይንስ) ሶስተኛ ህግ አይቻልም።

ተጠራጣሪው፦
ማንም ያልደረሰበት ነገር እንዴት ይቆጠራል ታዲያ?

የማታ_አንባቢ፦
ይቆጠራል እንጂ ወሰን እኮ ነው። እኔ ግን ብርሃንን ነው የምልህ። "ሁሉ ነገር አንፃራዊ ነው" እያለ አንስታይንን የሚጠቅስ ሰው ያናድደኛል፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1905 ያፈረሰው ኒውተን ፍፁም ነው ያለውን ጊዜ ነው፣ ያፈረሰውም ሌላ ፍፁም ነገር ይዞ ነው፦ ብርሃን በባዶ ህዋ ውስጥ ለማንኛውም ተመልካች፣ ቆመህም ሮጠህም ለካው፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው።

ህግ_ነክ፦
እነዚህ የተፈጥሮ ናቸው፣ እኔን የሚገርመኝ ሰው ራሱ ፍፁም ብሎ የደነገገው ነው። አብዛኛው መብት ገደብ አለው፣ ሀሳብን መግለፅ የሰው ስም በማጥፋት ይገደባል፣ በህይወት የመኖር መብትን እንኳን የደነገገው የአለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሞት ቅጣትን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ማሰቃየት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የተመድ ፀረ-ማሰቃየት ስምምነት አንቀፅ 2 ጦርነትም ቢሆን የጦርነት ስጋትም ቢሆን የትኛውም አስቸኳይ ጊዜ ቢሆን ምክንያት አይሆንም፣ የአለቃ ትእዛዝም አያድንህም ይላል። በየቦታው ይጣሳል ትለኝ ይሆናል፣ አዎ ይጣሳል፣ ግን የጣሰው ብዙውን ጊዜ "አላደረግኩም" ብሎ ነው የሚክደው፣ "ይፈቀድልኛል" ብሎ ደፍሮ የሚወጣ ብዙ የለም።

ተጠራጣሪው፦
ቦምብ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ቢያዝስ? ያኔም?

ህግ_ነክ፦
ያኔም። ለዛ ሰው ብለህ ቀዳዳ ከከፈትክ ነገ እያንዳንዱ መርማሪ "የኔም እስረኛ የሆነ ነገር ያውቃል" ነው የሚልህ።