ጠዋት መብራት ሲጠፋ ሃይብሪድ ሶላሩ ምጣዱን ለምን አይችልም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ለሚገኘው ቤታችን ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከፓኔል፣ ከባትሪና ከመብራት መስመር የሚመጣውን ኃይል አቀናጅቶ ለቤቱ የሚሰጥ መሣሪያ) ከጣሪያ ፓኔሎችና ከአንድ ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ጋር አስገጥመናል። እንጀራ እየተጋገረ እኩለ ቀን ላይ መብራት ቢጠፋ ምጣዱ ሳይቋረጥ ይሠራል፤ ማለዳ ላይ ሲጠፋ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንቨርተሩ የባትሪ ስህተት አሳይቶ ቤቱን በሙሉ ያጨልማል። ኢንቨርተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦ ኢንቨርተሩ የተበላሸ አይመስለኝም። 5 ኪሎዋት የሚለው ቁጥር መሣሪያው ማሳለፍ የሚችለውን ያህል እንጂ ከጀርባው ያለውን ኃይል አይገልጽም። እኩለ ቀን ላይ ፓኔሎቹ አብዛኛውን ሸክም ስለሚይዙ ባትሪው የሚጨምረው የጎደለውን ብቻ ነው፤ ማለዳ ግን ሁሉም በባትሪው ላይ ይወድቃል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ51.2 ቮልት ሲሰላ፣ በኢንቨርተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲታከልበት፣ ከ70 አምፒር በላይ ይስባል። ብዙዎቹ የዚህ መጠን ባትሪዎች ግን ያለማቋረጥ እንዲሰጡ የሚመከረው 50 አምፒር ገደማ ስለሆነ፣ ከወሰኑ ሲታለፍ የባትሪው መቆጣጠሪያ ባትሪውን ለመጠበቅ ሊዘጋ ይችላል። እባክዎ ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይመልከቱ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ የሚመከረው 50 አምፒር ነው ይላል። ሁለተኛ ባትሪ ብጨምር ይፈታልኛል?

መልስ 2፦ ዓይነቱና ሞዴሉ አንድ የሆነ ባትሪ፣ የሁለቱ ቮልቴጅ ከተስተካከለ በኋላ በትይዩ ቢያያዝ፣ እያንዳንዱ የሚሸከመው በግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም አሁን ያለዎት ባትሪ የሚይዘው 5.12 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ ምጣዱ ያለማቋረጥ ቢሠራ በአንድ ሰዓት ብቻ 3.5ቱን ይወስዳል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምጣዱን ከባክአፕ መስመር (መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ኃይል ከሚሰጠው መስመር) አውጥቼ በራሱ ብሬከር ከቆጣሪው በሚመጣው መስመር ላይ አደርገው ነበር፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ብቻ ይቆማል፣ ፍሪጁና አምፖሎቹ ግን ይቀጥላሉ።

መልስ 3፦ በሁለተኛው መልስ እስማማለሁ፤ ሥራውን ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። የባክአፑ መስመር ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) ከቆጣሪው መስመር ኒውትራል ጋር ከተቀላቀለ ብሬከሩ ያለምክንያት ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያም አልፎ የጠፋ የመሰለ ሽቦ ኃይል ይዞ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በተጨማሪ ክረምት ሲገባ የፀሐዩ ምርት ስለሚቀንስ፣ መብራት እያለ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ አድርገው ቅንብሩን ቢያስተካክሉት ለሌሊቱ መጠባበቂያ ይተርፍዎታል።